ከጡረታ በኋላ ማን ልሁን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃይስኩል ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከወጣሁ ወዲህ የድሮ ባልደረቦቼም የሰፈር ሰዎችም፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ወላጆች ሳይቀሩ፣ እየደወሉ ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቁኝ አንዴ ፅፌ ልገላገል ብዬ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት የአዲስ አበባና የመንግስት ሰራተኛ ናቸው፣ የማውቀው እሱን ነዋ። የስነልቦና ባለሙያ አይደለሁም፣ ያየሁትን ነው የምፅፈው።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ሳልታመም ባዶ ባዶ ይለኛል። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆንክም። ሰላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የሚጠብቅህ ነበረ፣ ሰርቪሱ ይጠብቅሃል፣ ባለጉዳዩ ወይ ተማሪው ይጠብቅሃል፣ አንተ ካልፈረምክ ደብዳቤው አይወጣም፣ አንድ ቀን ብትቀር «ምነው አመመው እንዴ» ይባላል። አሁን ብትቀር የሚጠይቅ የለም። ብዙ ሰው ጡረታ ሲባል የሚፈራው ገቢው መቀነሱን ነው፣ እሱም ይጎዳል አልክድም፣ ግን እኔ ካወራኋቸው ሰዎች እንዳየሁት ቀድሞ አንገት የሚያስደፋው የሚጠብቅህ ሰው ማጣት ነው። የዓመት ፈቃድ ላይ እያለን እኮ ቤት መዋል እንዴት ደስ ይለን ነበር፣ ሰኞ የሚጠብቀን ስላለ ነዋ።

መጀመሪያ ሰሞን ደሞ አይታወቅም። ሽኝት ይደረጋል፣ ጋቢ ትለብሳለህ፣ ፎቶ ትነሳለህ፣ ከዛ እንቅልፍ ትጠግባለህ፣ የሚያፈስ ጣራ ታስጠግናለህ፣ ስንት ጊዜ ያላየሃቸውን ዘመዶች ትጠይቃለህ። የሚከብደው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚ ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚገባው፦ ብትቀር «ምነው ዛሬ ቀረ?» የሚል ማነው? ለዛ መልስ ካለህ ግማሹ መንገድ አልቋል።

ሰው «ምን ትሰራለህ?» ሲለኝ አፌ ይያዛል። ምን ልበል?

«ጡረታ ወጥቻለሁ» በል፣ ሌባ አይደለህ። ግን እዛ ላይ አታቁመው፣ አሁን የምታደርጋትን ትንሽ ነገር ጨምርባት፣ «የእድራችንን ሂሳብ እይዛለሁ»፣ «የልጅ ልጄን አስጠናለሁ»።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰፈራችን ውስጥ ከሰራዊቱ ከወጣ ስንት ዘመኑ የሆነ ሰው አለ፣ እስካሁን ሻምበል ነው የሚባለው። እኔንም ጎረቤቱ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ፣ ጠመኔ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ። ነርሷም ሲስተር ናት፣ መሃንዲሱም ኢንጂነር ነው። በሌላ በኩል «ዳይሬክተር»፣ «ስራ አስኪያጅ»፣ «የመምሪያ ሃላፊ» የሚባሉት ወንበሩ ላይ ይቀራሉ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ይወስዳቸዋል። በጣም የሚቸገሩት ራሳቸውን በወንበሩ ስም ሲጠሩ የኖሩት ናቸው። ዳይሬክተር የነበረ ሰው ከዳይሬክተርነቱ በፊት ምን ነበር? ኢኮኖሚስት? የእንስሳት ሃኪም? ያ ሙያ ክሊራንስ ሲያዞር አልተመለሰም፣ አብሮት ነው ቤት የገባው።

ሃላፊ ነበርኩ፣ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። አሁን ፀጥ አለ። ሰው እንዲህ ከሃዲ ነው?

ከሃዲ እንኳን አይደለም። አብዛኛው ስልክ የሚደወለው ለፊርማህ ነበር፣ ፊርማው ደሞ አሁን ሌላ ሰው ጋ ነው። ያማል፣ አውቃለሁ፣ ግን በዚህ ሰው ሁሉ ላይ ቂም ከያዝክ ብቻህን ትቀራለህ። ለበዓል የደወለልህን፣ ልቅሶ ቤት አይቶህ መጥቶ አጠገብህ የተቀመጠውን ያዝ፣ ሶስት ሰው ቢሆን ሶስት ሰው ነው፣ ብዙ ነው።

የድሮ ቢሮህ መመላለስን በተመለከተ (ይሄንንም በጣም ነው የሚጠይቁኝ) ሂድ፣ ቡና ጠጣ፣ ሳቅ፣ ውጣ። በየሳምንቱ አትሂድ። እነሱ ስራ ላይ ናቸው፣ አንተን ላለማስቀየም እየተቁነጠነጡ ነው የሚያወሩህ። እና እባክህ በቦታህ ስለተተካው ልጅ አስተያየት አትስጥ፣ በተለይ ለፀሃፊዋ።

ባለቤቴ ቤት መዋሌ ሰልችቷታል። ገና በሶስተኛው ሳምንት «እስቲ ወጣ በል» አለችኝ።

ልክ ናት። ቤቱ ቀን ቀን የራሱ አሰራር ነበረው፣ አንተ ደሞ ሳትሾም እንደመጣ አዲስ ስራ አስኪያጅ ነው የገባህበት። ሽንኩርቱ ለምን እንዲህ ተከተፈ፣ መብራቱ ለምን በራ፣ ሰራተኛዋ ለምን አረፈደች... አርባ ዓመት ያለ አንተ ሱፐርቪዥን የበሰለ ወጥ እኮ ነው ስትበላ የኖርከው።

ሁለት ነገር ይሰራል። አንደኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከቤት ውጣ፣ የትም ይሁን፣ ቤተ መፃህፍትም ይሁን መስጂድም ይሁን ጓደኛህ ሱቅ ደጃፍም ይሁን። ሁለተኛ አንድ የቤት ስራ ሙሉ በሙሉ ያንተ አድርግ፣ ለምሳሌ ህፃኑን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ወይ ወፍጮ ቤትና ገበያው። ማገዝ ሳይሆን ያንተ ሃላፊነት ይሁን፣ ካላመጣኸው የሚጎድል። ህፃኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አንተን ከሆነ ለሰዓቱ ያለህ ነገር ራሱ ይለወጣል።

ሴት ነኝ። ከቢሮ ጡረታ ወጣሁ፣ ከማጀት ግን የሚያወጣኝ ጠፋ። ይሄ ሁሉ የወንድ ጥያቄ ነው።

እውነትሽን ነው እህቴ። በህጉ የጡረታ ዕድሜው ለሴትም ለወንድም 60 ነው፣ እቤት ውስጥ ግን ለሴት የተባለ ዕድሜ የለም። እንደውም ጡረታ ስትወጪ ያላንቺ ፈቃድ ሌላ ስራ ላይ ትመደቢያለሽ፣ «አሁንማ ጊዜ አላት» ተብሎ የልጅ ልጅ ጥበቃው፣ የዘመድ ድግሱ፣ በሽተኛ ማስታመሙ፣ ልቅሶው ሁሉ ወዳንቺ ነው። ወንዱ የሚጠብቀው ሰው ሲያጣ አንቺ የሚጠብቅሽ በዝቶ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስለዚ ያንቺ ስራ መቀነስ ነው። ቀን ምረጪ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የለሁም በያቸው፣ የት እንደምትሄጂ ማስረዳት የለብሽም። መጀመሪያ ይከፋቸዋል፣ ከዛ ይለምዱታል፣ እንጀራም ይገዛሉ።

እኛ ሰፈር አንዲት ሲስተር አለች፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የግፊት መለኪያዋን ይዛ የሽማግሌውን የአሮጊቱን ግፊት ትለካለች፣ መድሃኒት ያቋረጠውን ትቆጣለች፣ ከፍ ያለበትን ጤና ጣቢያ ሂድ ትላለች። ሌላውን ቀን ደሞ ስልኳን ታጠፋለች። ሁለቱንም ነው የማደንቅላት፣ ምናልባት ማጥፋቷን የበለጠ።

ኑሮ እያናወጠኝ ስለ ማንነትና ስለ ዓላማ ምን ታወራኛለህ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አንዳንዱ መካሪ ይሄን ዘሎ ስለ ማሰላሰል ምናምን ያወራል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። በመንግስት ሰራተኞች ጡረታ ስሌት ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሰራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ነው የሚደርሰው፣ ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት መስራት አለብህ። መቶኛው ደሞ የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ስለሆነ መውጫህ ላይ የተጨመረልህ ደሞዝ ብዙም አያንቀሳቅሰውም። አበል፣ የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የሃላፊነት የሚባለው አይገባበትም። ሃላፊ የነበረ ሰው ነዳጅና የስልክ ካርድ ሳይቀር ነው በአንድ ቀን የሚቀርበት። የግል ድርጅት ሰራተኛውማ እዚህ ስርዓት ውስጥ የገባው ገና በ2003 በወጣው አዋጅ ነው፣ ከዛ በፊት ብዙው በፕሮቪደንት ፈንድ (ሰራተኛውና ድርጅቱ እያዋጡ ሲወጣ በአንዴ የሚሰጠው ገንዘብ) ነበር።

ስለዚ ገንዘብ ለማግኘት መስራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ገንዘብ የሚያስገኝ ስራም ዓላማ መሆን ይችላል። ሂሳብ ሹም ከሆንክ ሐምሌ ላይ ግብር ሲደርስ መዝገብ የሚያስተካክልላቸው የሚፈልጉ ትናንሽ ነጋዴዎች ሰፈርህ ሞልተዋል። መምህር ከሆንክ ማስጠናት አለ። እኔ ራሴ የ12ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፣ የሚከፍልም አለ የማይከፍልም አለ፣ ግን ፈተና ሲቃረብ ማታ እየደወሉ «ቲቸር ይቺ ጥያቄ አልገባችኝም» ሲሉኝ እውነቱን ልንገርህ ከብሩ እሱ ይበልጥብኛል። መሃንዲስ፣ ኦዲተር፣ ህግ አዋቂ በኮንትራት ይሰራል። ሹፌር የነበረ ሰው አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ልጆችን ፍርሃት ያስለቅቃል። ዋጋህን ግን አታርክሰው፣ ጡረተኛ ነው ብለው በነፃ ሊያሰሩህ የሚሞክሩ ድርጅቶች አሉ።

ያለኝን ጥሪት አውጥቼ ቢዝነስ ልጀምር?

በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም። ቤት ሸጦ ደሞ በጭራሽ። ሚኒባስ ወይ ባጃጅ ገዝቶ ለሰው መስጠት ቀላል ይመስላል፣ ስራውን የማያውቅ ሰው ግን መለዋወጫ ሲገዛ ነው የሚኖረው። የግድ ካልክ መጀመሪያ የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለህ ስራውን እየው።

እድር፣ ማህበር፣ ኮሚቴ ውስጥ ግባ ይሉኛል። እሱ የሽማግሌ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም እንዴ?

እንደዛ አስብ የነበረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። እስቲ እድርን እንየው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከስንት ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው፣ በአብዛኛው ያለ ደሞዝ ነው የሚሰራው፣ በወር ከአባሉ ብር ይሰበስባል፣ ድንኳን ወንበርና ብረት ድስት አለው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ሰው ቢሞት ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ ታገኛለህ። አንዳንዶቹ ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችና የታመመ አባል ይደግፋሉ። ይሄ ሁሉ በምንድነው የሚንቀሳቀሰው? በአንድ ሊቀመንበር፣ በአንድ ፀሃፊ፣ በአንድ ገንዘብ ያዥ። ብዙ ቦታ ደሞ ደብተሩ ስርዝ ድልዝ ነው፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሊረሳ ይችላል። ሰላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ወይ ሒሳብ ክፍል የሰራ ሰው እዚህ ቢገባ ልዩነቱ በሁለት ወር ይታያል። እድር ላይ ደሞ ብትቀር ይጠየቃል፣ በቅጣትም ጭምር።

እድር ካልተስማማህ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አለ፣ የመስጂዱ ኮሚቴ አለ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ኮሚቴ አለ (ወይ ጉድ፣ የውሃ ፓምፑ ጉዳይ ብቻውን ሙሉ ሰው ይፈልጋል)፣ የትምህርት ቤት ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) አለ፣ ሽምግልና አለ። ሽምግልና ላይ ማዳመጥ የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው፣ ስብሰባ መምራት የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይቸገራል፣ ባልና ሚስት አጀንዳ አይያዝላቸውም።

ሁለት ማሳሰቢያ። የቢሮ አመልህን ይዘህ አትግባ፣ እዛ ያሉት ሰዎች በስርህ ያሉ ሰራተኞች አይደሉም፣ ባለ ሊስትሮውም ባለ ጉሊቷም እኩል ድምፅ አላቸው፣ ለዓመታት ያለ አንተ አስኬደውታል። እና አንድ ወይ ሁለት ቦታ ይበቃል። «እሱ ጊዜ አለው» ተብለህ አምስት ኮሚቴ ውስጥ ከገባህ በስድስት ወር ውስጥ ሁሉንም ትጠላለህ።

በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ይጀመራል?

መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ1994 ዓ.ም. የሀገር ፕሬዝዳንት ሲሆኑ 70 ዓመትን አልፈው ነበር፣ እስከ 2006 ቆዩ። ፊስቱላ ሆስፒታልን ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት ዶክተር ካትሪን ሃምሊን 90 ዓመት ካለፋቸው በኋላም ኑሯቸው እዛው የፊስቱላ ሆስፒታሉ ግቢ ታካሚዎቹ መሃል ነበር፣ በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ፕሬዝዳንት ሁን አላልኩም። ግን 60 ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ማለት ትንሽ ችኮላ ነው።

ከቀላሉ መጀመር ይቻላል። ግዕዝ መማር የሚፈልግ አለ፣ የቁርዓን ንባቡን ማሳመር የሚፈልግ አለ፣ ጓሮ ጎመንና ቆስጣ የተከለ አለ። ቴሌብር በደንብ ተለማምዶ የሰፈሩን አዛውንት በሙሉ ሲያለማምድ የዋለ የድሮ የባንክ ሰራተኛ አውቃለሁ፣ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ቅርንጫፍ ሆናለች።

ልጆቼ አሜሪካ ናቸው፣ «ኑና ከኛ ጋር ሁኑ» ይላሉ። ልሂድ?

ሂዱ፣ ግን ምን ልትሰሩ እንደምትሄዱ አውቃችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ «ኑና እረፉ» ሲባል ውስጡ ህፃን ጥበቃ አለ። ልጆቹም አይፈረድባቸውም፣ ዴይኬር እዛ አገር በጣም ውድ ነው፣ ባልና ሚስቱ ፈረቃ ስራ ላይ ናቸው። የልጅ ልጅ ማሳደግ ደሞ ትልቅ ደስታ ነው፣ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ፣ ጥርስ የሌለው ቢሆንም። ችግሩ እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ መኪና ከሌለህ ከቤት መውጣት ይከብዳል፣ ክረምቱ በረዶ ነው፣ ጎረቤት አያንኳኳም፣ ማታ ልጆቹ ደክሟቸው ይገባሉ። አገር ቤት ሰላምታ ሳይለዋወጥ መቶ ሜትር የማይሄድ ሰው እዛ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ። በቀን ስንት ሰዓት ነው የምጠብቀው? እረፍት ቀኔ መቼ ነው? እሁድ ቤተክርስቲያን ወይ አርብ መስጂድ የሚወስደኝ ማነው? ነውር አይደለም፣ ሳይነጋገሩ ሄደው ተቀያይመው የተመለሱ አሉ። ለጉብኝት የሄደ ሰው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት የአዛውንቶች የጤና መድን) ስለማያገኝ የጉዞ ኢንሹራንስ ይገዛላችሁ፣ የግፊትና የስኳር መድሃኒት ከነማዘዣው ያዙ። እና ለህፃኑ ፊደል አስቆጥሩት። እሱ ሀ ሁን፣ እናንተ የሱን እንግሊዝኛ፣ እኩል ተማሪ ትሆናላችሁ።

ውጭ ሀገር ሰርቼ ጡረታ ልወጣ ነው፣ አገር ቤት ልግባ?

መጀመሪያ ለሙከራ ና፣ ግን በጥር አትምጣ። በጥር ሰርግ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ሁሉም ሰው ጊዜ አለው። በሐምሌ ና፣ ዝናቡ ሲዘንብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዘመዱ ሁሉ ስራ ላይ ሲሆን። እሱን ከወደድከው ትኖራለህ። የአሜሪካ ሜዲኬር በጥቅሉ ከአገሩ ውጭ ላለ ህክምና እንደማይከፍል አስብበት፣ አብሮ አደጎችህም አንተ ትተሃቸው እንደሄድክ አይደሉም።

ድብርት ይሁን መሰላቸት በምን ልለየው?

መሰላቸት ሰው ሲመጣ ይለቃል። ድብርት ሰው ሲመጣ ያስጠላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ብዙውን ቀን ከከፋህ፣ የምትወደው ነገር ካስጠላህ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ፣ ወይ ድሮ ቅዳሜ ብቻ ትቀምሳት የነበረችው መጠጥ ከጠዋቱ ከተጀመረች ወደ ሃኪም ሂድ። ደም ማነስና ታይሮይድም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ምርመራው ይጠቅማል። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍረው ሰው አለ፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ህክምና ክፍል አላቸው። ፀበሉንም ሂድ፣ ክኒኑንም ዋጥ፣ አይጣሉም። መኖር አልፈልግም የሚል ሃሳብ ከመጣ ግን ነገ አትበል፣ የዛኑ ቀን ለሰው ተናገርና አብሮህ ሃኪም ቤት ይሂድ።

እኔ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል። አሁን ምን ላድርግ?

አንድ ቅዳሜህን ከአሁኑ ስጥ። እድሩም ይሁን ማስጠናቱም ይሁን ጓሮውም ይሁን ደሞዝ እያለህ ሞክረው፣ ካልሆነ ትቀይረዋለህ። በስርህ ላለው ልጅ የምታውቀውን አሳየው፣ ምስጢር አድርገህ የያዝከው ፋይል ከወጣህ በኋላ ማንም አይከፍተውም።

ወረቀቱን ደሞ ዛሬ ጀምር። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ስትቀጠር የሞላኸው ዕድሜ ነው፣ በኋላ የወጣ የልደት ካርድ አይለውጠውም፣ ስለዚህ ፎርምህ ላይ ምን እንዳለ ፐርሶኔል ሄደህ አስወጥተህ እየው። ድሮ ክፍለ ሀገር የሰራህበት መስሪያ ቤት ካለ የአገልግሎት ማስረጃው ፋይልህ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ፣ መስሪያ ቤቱ ስሙን ቀይሮ ወይ ተዋህዶ ከሆነ ማህደሩ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ሳይጠፋ ጠይቅ። የስምህ አፃፃፍ በሁሉም ደብዳቤ ላይ አንድ አይነት ይሁን፣ «ገብረ ማርያም» እና «ገ/ማርያም» ብቻ ስንት ሰው አመላልሷል። ኮፒውን ሁለት አድርገው፣ አንዱን ባለቤትህ የምታውቀው ቦታ አስቀምጥ።